ማዘጋጃ ቤቱ መሬት ሸጦ እስከ መቼ?

አዲስ አበባ ውስጥ ለንግድ የሚሆን ቦታ ለመግዛት የተነሳ ሰው ደላላ ፊት ሲቀርብ ከዋጋው አስቀድሞ አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል፡፡ «የሚፈልጉት ነባር ነው ሊዝ?» ጥያቄዋ አጭር ትሁን እንጂ ጎን ለጎን ያሉ፣ ስፋታቸው እኩል የሆነ፣ ፊታቸውም ወደ አንድ መንገድ የዞረ ሁለት ቦታዎች ዋጋቸው ሊራራቅ የሚችለው በእርሷ ምክንያት ነው፡፡ ነባር የሚባለው የሊዝ ሥርዓት ሳይደርስበት የተያዘ ይዞታ ሲሆን፣ ባለይዞታው ለመንግሥት የሚከፍለው አነስተኛ ዓመታዊ የቦታ ኪራይ ነው፡፡ የሊዝ ቦታ ግን ካርታው ከዕዳው ጋር ይጓዛል፡፡ ገዢው ለሻጩ ከሚቆጥረው ገንዘብ ሌላ ገና ያልተከፈለውን የሊዝ ቀሪ ሂሳብ ተረክቦ ይገባል ማለት ነው፡፡ በኅዳር 2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ደግሞ ነባሩም ቢሆን ከውርስ በስተቀር በሌላ በማንኛውም መንገድ ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ ተቀባዩ ቦታውን በሊዝ እንዲይዘው ደነገገ፡፡

ይህንን ነጋዴው ጠንቅቆ ያውቀዋል፤ ደላላውማ ከሕግ ባለሙያ ባልተናነሰ ይተነትነዋል፡፡ ነጋዴው እምብዛም የማይከታተለው ከዚህ ሁሉ ጀርባ ያለውን አካል፣ ማለትም የከተማውን ምክር ቤትና ካቢኔ ነው፡፡ የዶላርን ምንዛሪ በየማለዳው የሚጠይቅ አስመጪ፣ የከተማው በጀት ስንት እንደሆነና ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ቢጠየቅ መልሱ ከወዴት ይገኛል? ሆኖም ግን ከተማ ካዝናውን የሚሞላበት መንገድ ነጋዴው በያዘው ቦታ ላይ ስንት ዓመት ተረጋግቶ እንደሚቆይ ከሚወስኑት ነገሮች ዋነኛው ነው፡፡ የዛሬው ጽሑፋችን የሚያተኩረውም በዚሁ ጉዳይ ላይ ነው፡፡

ሁለቱ ኪሶች

የአንድ ከተማ አስተዳደር ገቢ በሁለት ኪስ የተቀመጠ ነው ብንል ከእውነቱ አንርቅም፡፡ የመጀመሪያው ኪስ የታክስ ገቢ ነው፡፡ አዲስ አበባ እንደ ክልል የራሷን ግብር የምትሰበስብ ስለሆነች ከሠራተኛው ደመወዝና ከነጋዴው ትርፍ የሚገኘው ግብር በዚህ ኪስ ይገባል፡፡ ሁለተኛው ኪስ ማዘጋጃ ቤታዊ ገቢ የሚባለው ሲሆን የመሬት ሊዝ፣ የቦታ ኪራይ፣ የጣሪያና ግድግዳ ግብር፣ የልዩ ልዩ አገልግሎቶች ክፍያ ይገኙበታል፡፡

ነጋዴው በሚገባ የሚያውቀው የመጀመሪያውን ኪስ ነው፡፡ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. በዕለት ገቢ ግምት የተሠራው የቁርጥ ግብር ሲገለጽ በአዲስ አበባና በበርካታ የኦሮሚያ ከተሞች አነስተኛ ነጋዴዎች ምን ያህል እንደተቆጡ፣ በአንዳንድ ከተሞችም ሱቆች እስከ መዘጋት እንደደረሱ የሚታወስ ነው፡፡ ስለ ሁለተኛው ኪስ ግን እንዲህ ዓይነት ጩኸት ተሰምቶ አያውቅም፡፡ ምክንያቱም ግልጽ ነው፡፡ የሊዝ ጨረታ ገንዘብ የሚወጣው ከአሸናፊው አንድ ሰው ኪስ ነው፤ እርሱም ወድዶ ተጫርቶ ነው፡፡ የሚያማርር ግብር ከፋይ የለም፡፡ ለከተማ አስተዳዳሪ ከዚህ የበለጠ የሚጣፍጥ ገቢ ከየት ይገኛል?

የሊዙ ስሌት

ነገሩን በምሳሌ እንየው፡፡ 200 ካሬ ሜትር የንግድ ቦታ በካሬ 30,000 ብር ጨረታ ወጣለት እንበል፡፡ ጠቅላላ ዋጋው 6 ሚሊዮን ብር ይሆናል፡፡ አዋጁ ቅድመ ክፍያው ከጠቅላላው ዋጋ ከ10 በመቶ እንዳያንስ ስለሚያዝ ትንሹ ቅድመ ክፍያ 600,000 ብር ነው፡፡ ቀሪው 5.4 ሚሊዮን ብር በየዓመቱ በእኩል መጠን ይከፈላል፡፡ የመክፈያ ጊዜው 40 ዓመት ነው ብንል ዋናው ገንዘብ በዓመት 135,000 ብር ይደርሳል፡፡ በዚህ ላይ ባልተከፈለው ሂሳብ ላይ የባንክ ማበደሪያ ወለድ ይታሰባል፡፡

አንድ ዶላር 57 ብር በነበረበት ጊዜ ይህ 135,000 ብር ወደ 2,400 ዶላር ገደማ ነበር፡፡ ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲመራ ከተደረገ በኋላ ዶላር 130 ብር ሲገባ ያው ክፍያ ወደ 1,000 ዶላር ገደማ ወረደ፡፡ የአስፋልት ሬንጅ፣ የቆሻሻ መኪና፣ የውሃ ቧንቧ የሚገዛው በዶላር መሆኑን ልብ ይሏል፡፡ ወለዱ ጉድለቱን ይሞላው የለም ወይ የሚል አንባቢ ይኖራል፡፡ በከፊል ይሞላዋል፤ ነገር ግን በ2014 ዓ.ም. እንደታየው የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ ሲያልፍ የባንክ ወለድ ከዚያ በብዙ ያንስ ስለነበር ከሩቅ ሆኖ ነው የሚከተለው፡፡

ሌላም ነገር አለ፡፡ በጨረታው አሸናፊው የሚለየው ባቀረበው ዋጋ ብቻ ሳይሆን ባቀረበው የቅድመ ክፍያ መጠንም ጭምር ነው፡፡ ስለሆነም ማሸነፍ የፈለገ ሁሉ ቅድመ ክፍያውን ከፍ ያደርጋል፤ አቅሙ ያለው ግማሹንም ሙሉውንም እከፍላለሁ ይላል፡፡ ይህ ለጊዜው ለከተማው ሠርግና ምላሽ ነው፡፡ ይሁን እንጂ ለንግድ ቦታ በአዲስ አበባ 60 ዓመት የሚቆየው ሊዝ ገንዘቡ በመጀመሪያው ዓመት ተበልቶ ካለቀ፣ በቀሪዎቹ 59 ዓመታት ከዚያ ቦታ የሚገባ የሊዝ ገንዘብ የለም፡፡ መንገዱ ግን ይጠገናል፤ ቆሻሻው ይነሳል፤ መብራቱ ይበራል፡፡

ከዚህ የሚከተለውን መገመት አያስቸግርም፡፡ የአምናው መሬት ገንዘብ አምና አልቋል፤ የዘንድሮው ወጪ የዘንድሮ መሬት ይፈልጋል፡፡ ሊዝን ዋና ገቢዬ ያለ ከተማ በየዓመቱ አዲስ መሬት እንዲያወጣ የሚገፋው ረሃብ አለበት ማለት ነው፡፡

መሬቱ ከየት ይመጣል?

አዲስ መሬት የሚገኘው ከሁለት ስፍራ ነው፡፡ አንዱ ከከተማው ዳርቻ፣ ከገበሬው እርሻ ላይ ነው፡፡ ይህ በር ለአዲስ አበባ ምን ያህል እንደከበደ የ2006 እና የ2008 ዓ.ም. ተቃውሞዎች አሳይተዋል፡፡ አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉትን የኦሮሚያ ከተሞች ያጣመረው ማስተር ፕላን በጥር 2008 ዓ.ም. እንዲቀር ተደርጓል፡፡ ሁለተኛው ከመሀል ከተማ፣ ከአሮጌ ሰፈሮች ነው፡፡ ውጪው ሲጠብ ዓይን ወደ መሀል ይዞራል፡፡ በመሀል ያለው ደግሞ ባዶ ሜዳ አይደለም፤ የቀበሌ ቤት፣ ነባር ይዞታ፣ የተከራይ ሱቅ፣ ለዓመታት የተገነባ የደንበኛ ትውውቅ አለበት፡፡ በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በሌሎች አካባቢዎች የኮሪደር ልማት ሲጀመር ከቦታቸው የተነሱት ነጋዴዎች ያጡት ግድግዳና ጣሪያውን ብቻ ሳይሆን ይህንኑ ትውውቅ ጭምር ነው፡፡ ልማቱ የተጀመረው ገቢ ለማግኘት ነው ማለታችን አይደለም፤ መንገዱም የእግረኛ መሄጃውም በዓይን የሚታይ ነው፡፡ በሕገ መንግሥቱ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ ግን ካሳ የሚታሰበው ቦታው ላይ ላለው ንብረት እንጂ ለመሬቱ የገበያ ዋጋ አይደለም፡፡ ተከራይ ነጋዴ ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነገር ይዞ ነው የሚነሳው፡፡

የሊዝ ባለቤትስ ቢሆን ምን ያህል ተዝናንቶ ይቀመጣል? አዋጁ የሊዝ መብትን በዋስትና ማስያዝ የፈቀደው እስከተከፈለው የሊዝ ገንዘብ መጠን ድረስ ነው፡፡ ከላይ ባየነው ምሳሌ 600,000 ብር ብቻ የከፈለ ባለሀብት 6 ሚሊዮን የሚያወጣ ቦታ አለኝ ብሎ ባንክ ቢገባ፣ ባንኩ በመሬቱ በኩል የሚያይለት የከፈለውን ያህል ነው፡፡ ግንባታ ሳይጀምር ወይም በግማሽ ሳያደርስ ልሽጥ ቢል ደግሞ ከከፈለው ሊዝ፣ ከወለዱና ከሠራው ግንባታ ዋጋ ሌላ የሚደርሰው ከማስተላለፊያው የሊዝ ዋጋ 5 በመቶ ነው፡፡ ሕጉ ይህን ያደረገው መሬት አጥሮ ዋጋ የሚጠብቀውን ለመከላከል ነበር፡፡ በተግባር ግን ሽያጩ በውክልና ስም ጓዳ ለጓዳ ሲካሄድ መኖሩን ለዚህ ገጽ አንባቢያን መንገር ለቀባሪው አረዱት ይሆናል፡፡

አንድ ሻጭ ብቻ ያለበት ገበያ

በሊዝ ገበያ ገዢው ብዙ ነው፤ አከራዩ ግን አንድ ብቻ ነው፡፡ በአንድ ሻጭ የተያዘ ገበያ ምን እንደሚሆን የኢኮኖሚክስ ትምህርት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪም ያውቀዋል፡፡ አቅርቦቱን ቀነስ ካደረገ ዋጋው ይወጣል፡፡ በአዲስ አበባ ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ጨረታው ለረጅም ጊዜ የተቋረጠበት ወቅት ነበር፡፡ በዚያ ወቅት ቦታ የፈለገ ሁሉ ፊቱን ወደ ነባር ይዞታ ሲያዞር የነባሩ ዋጋ ወዴት እንደሄደ ደላሎች ይናገሩ፡፡ አዋጁ የሊዝ መነሻ ዋጋ ቢያንስ በየሁለት ዓመቱ እንዲከለስ ቢያዝም መነሻውና የጨረታው ዋጋ ተለያይተው የኖሩበት ጊዜ ብዙ ነው፡፡ በመነሻ ዋጋ ያገኘና በጨረታ ያገኘ ሁለት ነጋዴዎች ጎን ለጎን ሱቅ ቢከፍቱ ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት አንዱ ተሸንፏል፡፡

በመነሻ ዋጋ የሚገኘው በምደባ በር ሲገባ ነው፡፡ አዋጁ ከጨረታው ሌላ የምደባ በር ከፍቷል፡፡ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ለማኅበራዊ አገልግሎት፣ ለመኖሪያ ቤት ፕሮግራም፣ ለአምራች ኢንዱስትሪ፣ እንዲሁም ልዩ አገራዊ ፋይዳ አላቸው ለተባሉ ፕሮጀክቶች ቦታ ያለጨረታ ሊሰጥ ይችላል፡፡ ይህን በር የሚጠብቀው ካቢኔው ነው፡፡ «ልዩ ፋይዳ» የሚለው ቃል ለትርጉም ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ መናገር አያስፈልግም፡፡ ጨረታው ሲዘጋ ወረፋው ወደዚህ በር ይዞራል፤ በዚህ በር ያለውን ወረፋ ደግሞ ጋዜጣ ላይ የሚያወጣው የለም፡፡

የመክፈልና የመቀመጥ ነገር

ለመሆኑ ምክር ቤት የሚባለው ነገር መነሻው ምን ነበር? በ1937 ዓ.ም. የወጣው የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 74 አዲስ አበባንና ጎንደርን በከንቲባ እንዲመሩ ሲያደርግ፣ በምክር ቤቱ ከመንግሥት ሹማምንት ጋር የማይንቀሳቀስ ንብረት ያላቸው ነዋሪዎች እንዲቀመጡ ፈቅዶ ነበር፡፡ ተከራዩና ቤት የሌለው ድምፅ አልነበረውም፤ ሥርዓቱ የባለጠጎች ነበር፡፡ ሆኖም አንድ ነገር በግልጽ ይታይበታል፡፡ ስለከተማው የሚመክረው ሰው በከተማው ውስጥ ንብረት ያለው ሰው ነበር፡፡

ይህ ትስስር በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ተበጠሰ፡፡ አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ለመንግሥት አደረገ፡፡ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች በቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት በኪራይ ቤቶች እጅ ወደቁ፡፡ በማግስቱ በ1968 ዓ.ም. የከተማ ቦታ ኪራይና የቤት ግብር አዋጅ ቁጥር 80 ወጣ፡፡ ግብሩ የሚታሰበው በቤቱ ዓመታዊ የኪራይ ግምት ላይ ሲሆን፣ ያ ግምት ለአሥርት ዓመታት ሳይነካ ቆየ፡፡ በ1986 ዓ.ም. ሊዝ ሲመጣ፣ በ1994 እና በ2004 ዓ.ም. ሲሻሻልም የቤት ግብሩን ያስታወሰው አልነበረም፡፡ መሬት እያለ ግብር መሰብሰብ ምን ያደርጋል!

ምክር ቤቱ ራሱ ደግሞ ተረጋግቶ የቆየበት ዘመን አጭር ነው፡፡ በሐምሌ 1995 ዓ.ም. የተሻሻለው የአዲስ አበባ ቻርተር አዋጅ ቁጥር 361 ምክር ቤቱን በጀት የሚያጸድቅ፣ ከንቲባ የሚመርጥ፣ አስፈጻሚውን የሚቆጣጠር አካል አድርጎታል፡፡ በ1997ቱ ምርጫ ከ138 መቀመጫዎች 137ቱን ያሸነፈው ተቃዋሚው ቅንጅት ምክር ቤቱን ሳይረከብ ቀረ፤ ከ1998 እስከ 2000 ዓ.ም. ከተማዋ በባለአደራ አስተዳደር ተመራች፡፡ በ2010 ዓ.ም. መካሄድ የነበረበት የአካባቢ ምርጫ ተራዘመ፡፡ በዚያው ዓመት ቻርተሩ ተሻሽሎ የምክር ቤት አባል ያልሆነ ሰው ከተማዋን ሊመራ ቻለ፡፡ የሚቀጥለው ምርጫ የተካሄደው በሰኔ 2013 ዓ.ም. ነው፡፡ የየትኛው ፓርቲ ደጋፊ ቢሆኑ፣ ከዚህ ታሪክ አንድ የንግድ መደምደሚያ ይወጣል፡፡ የከተማው ሹም ዓይኑ ወደ ነዋሪው ሳይሆን ወደ ላይ መሆኑ የጠባይ ጉዳይ አይደለም፤ ሹመቱም ሆነ ሥልጣኑን የሚያሳጣው ውሳኔ በአብዛኛው የመጣው ከላይ ነው፡፡

በጀቱን እንይ፡፡ ለ2016 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ያጸደቀው ወደ 140 ቢሊዮን ብር ነበር፡፡ ለ2017 ወደ 230 ቢሊዮን፣ ለ2018 ደግሞ ወደ 350 ቢሊዮን ብር ወጣ፡፡ በቁጥሩ ከመደንገጥ በፊት የብር ዋጋ በመካከሉ ከግማሽ በታች መውረዱን ማሰብ ይገባል፡፡ በዶላር ቢመነዘር ዕድገቱ እንደሚታየው አይደለም፡፡ ነገር ግን ግብሩ የሚሰበሰበው በብር ነው፤ የነጋዴውም መዝገብ የሚያዘው በብር ነው፡፡ ታዲያ ይህን የሚያህል ገንዘብ ሲጸድቅ የንግድ ማኅበረሰቡ ቢያንስ የገቢውን ዝርዝር ማንበብ አይገባውም?

የጣሪያና ግድግዳው ጉዳይ

በ2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ አስተዳደር ለአሥርት ዓመታት የተኛውን የጣሪያና ግድግዳ ግብር ቀሰቀሰው፡፡ በድሮ ግምት ጥቂት ብር ሲከፍል የኖረ ባለቤት ድንገት የሺህ ብሮች ወረቀት ደረሰው፡፡ ነገሩ እሮሮ ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ በተቃዋሚ ፓርቲ አማካይነት ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል፡፡ ክርክሩ በአንድ በኩል የሕግ ነው፤ ግብር የሚጣለው በማን ሥልጣን ነው የሚል፡፡ በጥር 2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅ ሲያጸድቅ መሠረቱ ተለወጠ፡፡ የድሮው ግብር ከኪራይ ግምት ይነሳ ነበር፤ አዲሱ ከንብረቱ የገበያ ዋጋ ይነሳል፡፡

የንብረት ታክስ ሲባል የብዙ ነጋዴ ፊት ይጠቁራል፡፡ ትርፍ ግብር፣ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ አሁን ደግሞ በሕንፃው ላይ! ቅሬታው ከባዶ የመጣ አይደለም፡፡ ቢሆንም የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከብዙኃኑ ስሜት ትንሽ ፈቀቅ ያለ አስተያየት አለው፡፡ መሀል ከተማ ውስጥ ተረጋግቶ መነገድ የሚፈልግ ባለሱቅ፣ ከተማው በሊዝ ብቻ ከሚኖር በንብረት ታክስ ቢኖር ይሻለዋል፡፡ ምክንያቱ ቀደም ብለን ያየነው ስሌት ነው፡፡ ሊዝ አንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚያልቅ ስለሆነ ከተማው ገንዘብ ሲያጣ ሌላ ቦታ ማስለቀቅ ይቀናዋል፡፡ ታክሱ ግን በየዓመቱ ይመጣል፤ አካባቢው ሲለማና ዋጋው ሲጨምር አብሮ ይጨምራል፡፡ ሱቅዎ ባለበት እንዳለ ለከተማው ገቢ የሚያስገባ ከሆነ እርስዎን ለማስነሳት የሚገፋው አንድ ምክንያት ይቀንሳል፡፡ የሚነሳ ሰፈር ማለት የሚቀር ግብር ማለት ይሆናልና፡፡

ይህ የሚሠራው ግን ሁለት ነገሮች ሲሟሉ ነው፡፡ ግምቱ የት፣ በማን፣ በምን ዋጋ እንደተሠራ ከፋዩ አይቶ ይግባኝ የሚልበት መንገድ ሊኖር ይገባል፤ የ2009ኙ የቁርጥ ግብር ቁጣ የተነሳው ከመጠኑ እኩል ግምቱ በምን እንደተሠራ ባለመታወቁ ነበር፡፡ ሁለተኛው፣ ተመኑን የሚወስኑ እጆች በምክር ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ሲወጡ ከፋዩ ማን እንደሆነ ማወቅ አለባቸው፡፡

አሁን ደግሞ ወደ ገበያው እንመለስ፡፡ ሸክሙ በማን ትከሻ ያርፋል? በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 አከራይ እንደፈለገ ኪራይ እንዳይጨምር፣ ጭማሪውም በዓመት አንድ ጊዜ ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው መጠን እንዲሆን አድርጓል፡፡ ስለዚህ መኖሪያ ቤት የሚያከራይ ባለቤት ታክሱን ወዲያው በተከራዩ ላይ መጫን አይችልም፤ የሚቆረጠው ከራሱ ነው፡፡ ያ አዋጅ ግን የንግድ ቤትን አይመለከትም፡፡ የሱቅ አከራይ ታክሱ ሲመጣበት ውሉ በሚታደስበት ቀን ለተከራዩ ያስተላልፈዋል፡፡ እንግዲህ ኢንቨስተሩ የሚያሰላው ይህንን ነው፡፡ ሕንፃው ከታች ሱቅ፣ ከላይ መኖሪያ ከሆነ የሱቁ ተከራይ የላይኛውንም ድርሻ በከፊል ይሸከማል ብሎ መጠበቅ ይቻላል፡፡ ሱቅ ተከራይ የሆናችሁ አንባቢያን ውላችሁን ስታድሱ «ግብርና ታክስ በማን ላይ ነው?» የምትለዋን አንቀጽ ሳታነቡ አትፈርሙ፡፡

የክልል ከተሞች

በክልል ከተሞች ችግሩ ይበልጥ የተራቆተ ነው፡፡ የመምህሩና የጤና ሠራተኛው ደመወዝ ከክልሉ በሚመጣ በጀት ሲሸፈን፣ መንገድ፣ የጎርፍ መውረጃ፣ ቆሻሻና ቄራ የመሳሰሉት ማዘጋጃ ቤታዊ ሥራዎች ግን ከተማው ራሱ በሚሰበስበው ገቢ እንዲሠሩ ነው የሚጠበቀው፡፡ ይህ ማለት ሁለተኛው ኪስ ባዶ ከሆነ ቦዩ አይጠረግም፡፡ በዓለም ባንክ ድጋፍ የተካሄዱት የከተማ ልማት ፕሮግራሞች መጀመሪያ በ19፣ ቀጥሎ በ44፣ በመጨረሻም በ117 ከተሞች ገንዘብ የሰጡት በአፈጻጸም ውጤት እየመዘኑ ነበር፡፡ በየከተማው የምናየው የድንጋይ ንጣፍ መንገድ ብዙው በዚህ ዓይነት ገንዘብ የተሠራ ነው፡፡ ንጣፉ ጥሩ ነው፤ ጥገናው ግን የከተማው ዕዳ ነው፡፡ የፕሮግራም ገንዘብ ሲያልቅ ተመልሶ የሚታየው ያው መሬት ነው፡፡

በአንጻሩ አነስተኛ ከተሞች ለባለሀብቱ የሚሰጡት አንድ ጥቅም አለ፡፡ በአዋጁ ለንግድ ቦታ ከአዲስ አበባ ውጪ የተፈቀደው የሊዝ ዘመን 70 ዓመት ነው፤ ለኢንዱስትሪ ደግሞ በአዲስ አበባ 70፣ በሌሎች ከተሞች 80 ዓመት ነው፡፡ ከንቲባውን በር አንኳኩቶ ማግኘትም ይቀላል፡፡ የከንቲባው መቀየር ግን ደግሞ ይፈጥናል፡፡ የቀድሞው ከንቲባ ቃል የገባውን መንገድ አዲሱ እንደማያውቀው ሲናገር የሰማ ባለሀብት ጥቂት አይደለም፡፡

ለሚገዛም ለሚከራይም

ቦታ የሚገዛ ሰው ካርታውን ከማየቱ ጋር የሊዝ ውሉን ዋና ቅጂ ጠይቆ ስንት እንደተከፈለ፣ ስንት እንደቀረ፣ ግንባታ የሚጠናቀቅበት ቀን መቼ እንደሆነ ይመልከት፡፡ ቀነ ገደቡ ያለፈ ቦታ ርካሽ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም፡፡ ቦታው በከተማው መዋቅራዊ ፕላን ላይ ለምን አገልግሎት እንደተመደበ ከክፍለ ከተማው ያረጋግጥ፤ መንገድ የተሰመረበት ሱቅ ዛሬ ገበያ ስላለው ነገ አይኖረውም፡፡ የጣሪያና ግድግዳ ግብር ደረሰኝም ይጠይቅ፤ ያልተከፈለው ውዝፍ ስም ሲዛወር ብቅ ይላል፡፡

የከተማው የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፡፡ ምክር ቤቱ በጀቱን የሚያጸድቀው በሰኔ ማብቂያና በሐምሌ መግቢያ ባሉት ቀናት ነው፡፡ በዚያ ሰነድ ውስጥ ከሊዝ ይገኛል ተብሎ የታቀደው ገንዘብ ካምናው ምን ያህል እንደጨመረ የሚነግር አንድ መስመር አለ፡፡ ደላላም ነጋዴም ሊያነብበት የሚገባው መስመር ያ ነው፤ አሃዙ በእጥፍ ካደገ በዓመቱ ውስጥ የሆነ ሰፈር ላይ ቀለም ይቀባል፡፡